የእትዬ ባንቺ ጎረቤቶች

የእትዬ ባንቺ ወንድም አያ ሞላ የደወለልኝ ተማሪዎቼን ለእረፍት እያስወጣሁ ሳለ ነው። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ የተሰማኝ ትንፋሹ ብቻ ነበር።

"እህቴ አረፈች" አለኝ። "ጸሐይዋ ወጥታ ገብሱ ላይ ስታርፍ እያየች ነበር። ቀና አድርጉኝ አለች፤ ቀና አደረግናት። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።"

ቀብሩ በማግስቱ አምባ ጊዮርጊስ ነበር። ከጎንደር መምህራን ተሰባስበን በሚኒባስ ሄድን። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ፤ የት እንደተወለዱ፣ የት እንደተማሩ፣ በትጋትና በታማኝነት አገልግለው በክብር ጡረታ እንደወጡ። ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን እየሰማሁ ስለማን እንደሚነበብ ጠፋብኝ። ስለ ቀንድ አውጣዎቹ አንድ ቃል የለበትም። አጠገቤ የቆመች መምህርት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "ይቺ ጽሑፍ የሁላችንም ናት፤ ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው" አለችኝ። እንግዲያ እኔ የማውቃቸውን መምህርት ባንቺአምላክን እኔው ልጻፍ ብዬ ነው የተነሳሁት።

ያወቅኋቸው ገና ጀማሪ መምህርት ሳለሁ ነው። ኮላ ድባ አጠገብ በገጠር ትንሽ አስተምሬ ወደ ጎንደር ተዛወርኩና ከቀሐ ወንዝ ብዙም በማይርቅ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ተሰጠኝ። የኔንና የእትዬ ባንቺን ክፍል የሚለየው ችፑድ ብቻ ነበር። እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ "ዝም በሉ" እያልኩ ስጮህ ከችፑዱ ወዲያ ኮሽታ አይሰማም። ልጆቹን እየመቷቸው ይሆን ብዬም አሰብኩ። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ በራቸውን ገፋ አደረግሁት።

ልጆቹ በሙሉ ወለሉ ላይ በደረታቸው ተኝተዋል። እትዬ ባንቺም ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ አብረዋቸው ተኝተዋል። መሐላቸው አንድ የመስታወት ሣጥን አለ። ቀና ብለው ሲያዩኝ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

"ግቢ፣ ግን ቀስ ብለሽ" አሉኝ በሹክሹክታ። "እየበላች ነው።"

"ማን ናት የምትበላው?"

"ቀንድ አውጣዋ። ስትበላ ትሰማለች።"

እንደ ልጆቹ በደረቴ ተኛሁ። አንዲት ቡናማ ቀንድ አውጣ የጎመን ቅጠል ጠርዝ ላይ ተለጥፋለች። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ የልጆቹ ትንፋሽ ሲረጋጋ ወረቀት በጥፍር እንደ መፈግፈግ ያለ ቀጭን ድምፅ መጣ። አጠገቤ ያለችው ልጅ ፊቴን አየችና፣ "ሰማሻት አይደል?" ብላ ሳቀች። ዝምታው ከዱላ የመጣ አለመሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ።

በመስኮቱ ሥር ባለው ረጅም አግዳሚ ላይ የተደረደረውን ሁሉ እትዬ ባንቺ "ጎረቤቶች" ይሉት ነበር። የተቆረጡ የውሃ ፕላስቲኮች፣ አፋቸው በሻሽ ቁራጭ የታሰረ ጠርሙሶች፣ መስታወት ቆራጭ ከትርፍራፊ የሠራላቸው ሣጥኖች። በአንዱ ጉንዳኖች አፈሩን ይቦረቡራሉ። በሌላው የመሬት ትሎች የወደቀ ቅጠል ወደ ታች ይጎትታሉ። በእርጥብ ጥጥ ላይ ባቄላ ይበቅላል። ልጆቹ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ጎረቤቶቹን "እንዴት አደራችሁ" ይላሉ፤ ከዚያ ነው የሚቀመጡት። የማንንም ክዳን ሳይጠይቁ መክፈት ነውር ነው፤ የሰው በር ሳያንኳኩ እንደ መግባት። "እጅህ ይቆይ፣ ዓይንህ ይቅደም" ይሏቸው ነበር። የጋዋናቸው ኪስ ደግሞ መቼም ባዶ ሆኖ አያውቅም። ጠመኔ ፍለጋ እጄን ብሰድ የጎመን ቅጠል፣ ወይም ጥንዚዛ ያለበት የክብሪት ቀፎ ነው የማገኘው።

አንድ ጊዜ በአጥሩ ላይ እስስት ተገኘች። ልጆቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሸሹ፤ እስስት ጥርስ ትቆጥራለች፣ የተቆጠረ ጥርስ ይረግፋል ይባላልና። ዘበኛው ዱላ ይዞ መጣ።

"ምነው፣ ምን በደለችህ?" አሉት እትዬ ባንቺ። የተቀመጠችበትን ቅርንጫፍ እንዳለ ቆርጠው ወደ ክፍል አስገቡት። ከዚያ እስስቷ ፊት ቁጭ ብለው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። እስስቷ አንዱን ዓይኗን ወደ እሳቸው፣ ሌላውን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"በደንብ ቆጥራ ትጨርስ" አሉ እትዬ ባንቺ፤ አፋቸው ክፍት ስለሆነ ቃሉ ተንሻፎ ነው የወጣው።

በማግስቱ ጠዋት ተማሪዎቹ በር ላይ ተሰልፈው ጥርሳቸውን አዩላቸው። አንዱ ልጅ የጎደለ መንጋጋ አገኘና፣ "ይሄስ?" አለ በድንጋጤ።

"እሱን የነቀለው ሐኪም ነው። ከሷ ጋር አታገናኘው።"

እስስቷ በዚያው ዕለት ወደ አጥሯ ተመለሰች። እትዬ ባንቺ ለእንግዳ እንጂ ለእስረኛ ቦታ የለንም ይሉ ነበር።

ግን ሁልጊዜ ልክ ነበሩ ማለቴ አይደለም። ክረምቱ እንደወጣ ከቀሐ በባልዲ ውሃ ቀድተው አመጡ። ውሃው ውስጥ ጭራ ያላቸው ጥቃቅን የእንቁራሪት ልጆች ነበሩ። ልጆቹ እግር እስኪያወጡ እየጠበቁ ውሃውን በየጊዜው በእጃቸው ይለውጡ ነበር። አቶ ደሳለኝ የሚባል አባት በላብራቶሪ ሥራ የሚተዳደር ሰው ነው። ልጁን ሊወስድ መጥቶ አግዳሚው ጋ ቆመና ባልዲውን ጎንበስ ብሎ አየ።

"መምህርት፣ ይሄ ውሃ ከየት ነው?"

"ከቀሐ።"

"ልጆቹ እጃቸውን ያስገባሉ?"

"የሚለውጡት እነሱ ናቸው።"

እሱ በጣቱ ወደ ባልዲው ጠርዝ ጠቆመ። "እነዚህ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ዓይነት ይመስሉኛል። እርግጠኛ አይደለሁም። እኔ ብሆን ግን እስኪጣራ ልጅ አላስነካም።"

የእትዬ ባንቺ ፊት አመድ መሰለ። ባልዲውን በላስቲክ ጓንት አንስተው ራሳቸው አወጡት። በማግስቱ ልጆቹ ፊት ቆሙ። እኔም እንድሰማ የክፍላቸውን በር ክፍት ትተውት ነበር።

"እጃችሁን ከዚያ ውሃ አስገቡ ያልኳችሁ እኔ ነኝ" አሏቸው። "ውሃው በሽታ ሊኖረው ይችላል። ተሳስቻለሁ።"

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "ቲቸር ይሳሳታል እንዴ?"

"ይሳሳታል። ሲሳሳት ደግሞ ይናገራል።"

ከዚያ ለወላጆቹ ሊነግሩ በየቤቱ ሄዱ። ከአንዳንዱ ቤት በር ላይ ስድብ ጠጥተው ተመለሱ። አብሬያቸው ልሂድ ብላቸው እምቢ አሉኝ፤ "ያንቺ ውሃ አይደለም" ብለው። አቶ ደሳለኝ በሽታው ቶሎ እንደማይታይ ስለነገራቸው ሳምንታት ጠብቀው ልጆቹን በሙሉ አስመረመሩ። ጥቂቶቹ ላይ ተገኘ። እነዚያ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ወንዝ የሚዋኙ ነበሩና ከየት እንደያዛቸው ማንም ሊናገር አልቻለም። እትዬ ባንቺ ግን ከኔ ነው ብለው ያዙት። ልጆቹ መድኃኒቱን ወስደው እስኪድኑ ድረስ እሳቸውን ሲስቁ አላየኋቸውም።

ርእሰ መምህሩ ይህን ሲሰማ ጎረቤቶቹ በሙሉ ተጠርገው እንዲጣሉ አዘዘ። ልጆቹ ባቄላቸውን በጉያቸው ይዘው ቆሙ። እትዬ ባንቺ ጥፋተኛ ስለነበሩ አፋቸውን አልከፈቱም። የተናገረው አቶ ደሳለኝ ነው። ቢሮ ገብቶ፣ "እኔ ስለ ወንዙ ውሃ ነው ያልኩት፤ ስለ ባቄላውና ስለ ጉንዳኑ መቼ ተናገርኩ?" አለ። "ልጄ ቤት ሲገባ ሦስት ቃል አይናገርም ነበር። አሁን እራት ላይ ስለ ጉንዳን አውርቶ አይጠግብም። ይሄንን ልትጥሉብኝ ነው?"

ርእሰ መምህሩ ከወንዝ የሚመጣ ነገር እንዳይኖር አስጠንቅቆ ተወው። ከዚያ ወዲያ አቶ ደሳለኝ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ በርሜል አመጣላቸው። አንድ ቀን ደግሞ ማይክሮስኮፕ ተውሶ መጥቶ ልጆቹ የገዛ ጥፍራቸውን ቆሻሻ እንዲያዩ አደረገ። ለብዙ ጊዜ እጅ ታጠቡ ብሎ መለመን ቀረልን።

ትርንጎ የመጣችው ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ከወገራ ገጠር ጎንደር ወዳለች አክስቷ መጥታ የገባች ልጅ ናት። አትናገርም። ስትጠራ ትነሳለች፣ ጻፊ ሲሏት ትጽፋለች፣ ድምፅ ግን የላትም። ሁልጊዜ በር በሩን ታያለች። እናቷ ሞታለች። ለሷ ግን እናትሽ ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝታለች፣ ሲሻላት ትመጣለች ብለው ነግረዋታል።

ያን ሰሞን ልጆቹ በግቢው ካለው ሎሚ ዛፍ አረንጓዴ ትሎች ከነቅጠላቸው እየሰበሰቡ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ትል በጠርሙስ ይዞ ቅጠል ይቀልባል። እትዬ ባንቺ ለትርንጎ ጠርሙሷን ሲሰጧት፣ "ሎሚና ትርንጎ ዘመዳሞች ናቸው። ያንቺን ዘመድ ነው የምትበላው፤ ተጠንቀቂ" አሏት። ልጅቷ አልሳቀችም። ጠርሙሱን ግን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ትሎቹ በልተው ሲወፍሩ ቅርንጫፉ ላይ ራሳቸውን አስረው ደረቅ ልባስ ውስጥ ገቡ። የሳይንስ መጽሐፉ በዚህ ጊዜ "ሙሽሬ" ይላቸዋል። ልጆቹ ይህን ቃል ሲሰሙ እልል አሉ። ጠርሙሶቹ የተቀመጡበትን ሣጥን ጫጉላ ቤት አሉት፤ በአጠገቡ ሲያልፉም በእግር ጣታቸው ይራመዱ ነበር። ትርንጎ በየእረፍቱ ወጥታ አትጫወትም። ጫጉላ ቤቱ አጠገብ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ቢራቢሮዎቹ ተራ በተራ ወጡ። የትርንጎ ሙሽሬ ግን ጠቆረች፣ ቀለለችም። እትዬ ባንቺ ቅርንጫፉን ብርሃን ላይ ይዘው አሳዩኝ።

"ሞታለች" አሉ።

"ከዛፉ ሌላ ፈልገን እንተካላት" አልኳቸው። "ልጅቷ አትለየውም።"

እትዬ ባንቺ መነጽራቸውን አውልቀው በጋዋናቸው ጠረጉት። "እናትሽ ትመጣለች እያሏት ስንት ጊዜ ሆነ? ያን ሁሉ ጊዜ በር ስታይ ነው የኖረችው። እኔም ልጨምርባት?"

በማግስቱ ትርንጎ ጠርሙሷን ይዛ ወደ ፊት ወጣች። በእረፍት ሰዓት ስለነበር ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ልጆች ብቻ ነበሩ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

"ቲቸር" አለች። ድምፅዋ ጎርነን ያለ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰምተነው ስለማናውቅ ሁላችንም ዞርን። "የኔ ምነው ቆየች?"

እትዬ ባንቺ ወለሉ ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ያንቺ ሞታለች፣ ትርንጎዬ።"

"ነገስ?"

"ነገም አትወጣም። የሞተ አይነሳም። አንቺ ግን ያጠፋሽው ምንም ነገር የለም። ቅጠል ሰጥተሻታል፣ ከጸሐይ ከልለሻታል። ደህና አድርገሽ ነው የያዝሻት። ቢሆንም ሞተች።"

ልጅቷ ጠርሙሱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እናቴስ?" አለች።

እትዬ ባንቺ እጇን ያዙ። "እሱን የምትነግርሽ አክስትሽ ናት። ዛሬ አብሬሽ ቤት እሄዳለሁ። እስክትነግርሽ ድረስ ከአጠገብሽ አልነሳም።"

እኔም አብሬ ሄድኩ። አክስቷ ጉሊት ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥ፣ ደግ ፊት ያላት ሴት ናት። እትዬ ባንቺ ልጅቷን ደጅ አስቀምጠው ነገሩን ሲያስረዷት ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ለልጅ መርዶ ይነገራል ወይ? አንጀቷ ይቆረጣል እኮ" አለች።

"አሁንስ ደህና ናት? አትናገር፣ አትጫወት። እናቷ የቀረችው እኔ ባስቀይማት ነው ብላ ብታስብስ?"

አክስቷ ይህን አስባው አታውቅም ነበር። ነጠላዋን ከአፏ አውርዳ፣ "እርስዎ ይንገሩልኝ" አለች።

"የለም። እኔ የክፍል ሰው ነኝ። ሲነጋ ከማን ጋር ነው የምትኖረው? ካንቺ መስማት አለባት። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ትርንጎን አስገቧት። አክስቷ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ፊቷን በመዳፏ ይዛ፣ እየተደናቀፈች ነገረቻት። ልጅቷ አላለቀሰችም። ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችንና፣ "እንግዲያ ነጠላዋን ለማን ሰጣችሁት?" አለች።

የእናቷ ነጠላ ሲወሰድ አይታ ነበር ማለት ነው። አክስቷ ነጠላውን ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጠችው ነግራት ከፍታ አወጣችላት። ትርንጎ ፊቷን ቀበረችበት፤ ለቅሶዋም ያን ጊዜ መጣ። የአንድ ትንሽ ልጅ ደረት ያን ያህል ልቅሶ ይይዛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጎረቤቶች ሰምተው ገቡ፣ ቤቱ ሞላ፣ እናቷ ዛሬ የሞተች ይመስል ተለቀሰላት። እትዬ ባንቺ እንዳሉት ከአጠገቧ አልተነሱም። እንቅልፍ ሲወስዳት ጭንቅላቷን ቀስ አድርገው ለአክስቷ አሳልፈው ሰጡ።

ከቀናት በኋላ ትርንጎ ጥቁር ሻሽ አስራ ተመለሰች። መጀመሪያ የተናገረችው ነገር የጉንዳኖቹን ክዳን ሊከፍት ለነበረ ልጅ ነው። "ሳትጠይቅ?" አለችው። ልጁ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። እትዬ ባንቺ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጽፉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። ዛሬ ትርንጎ ነርስ ለመሆን እየተማረች ነው። ቀብሩ ላይ ከአክስቷ ጋር ቆማ አይቻታለሁ።

እትዬ ባንቺ ጡረታ ከወጡ በኋላም አልተለያየንም። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፣ ልጅ አልነበራቸውም። ጎንደር ውስጥ ባለች ትንሽ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ባለፈው ዓመት ሲታመሙ ታናሽ ወንድማቸው አያ ሞላ ከአምባ ጊዮርጊስ ወርዶ ያስታምማቸው ጀመር። ሐኪሙ ውጤቱን የነገረን ለአያ ሞላና ለኔ ነው። ኮሪደሩ ላይ አያ ሞላ ክንዴን ያዘኝ።

"አደራሽን፣ ትንፍሽ እንዳትይ" አለኝ። "ተስፋ ትቆርጥብናለች።"

እሺ አልኩት። ምን ልበለው?

ቤት ከገባን በኋላ እሱ መድኃኒት ሊገዛ ወጣ። እትዬ ባንቺ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ተቀመጡ። ከስተው መነጽራቸው ሰፍቷቸዋል።

"የሽዬ፣ ሐኪሙ ምን አለ?" አሉኝ።

"መድኃኒቱን ቀይረውታል፣ እትዬ። በዚህኛው ሳይሻልዎ..."

"እሱን ለሞላ ተይለት" አሉኝ፤ ሳይቆጡ። "እኔ የምጠይቅሽ የሰማሽውን ነው።"

መሸሽ ፈለግሁ። ሻይ ላፍላ ልል አስቤ ነበር። ዓይናቸው ግን አልለቀቀኝም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

"ከእንግዲህ የሚድን አይደለም ብሏል።"

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይመጣል። "ያመኛል?" አሉ።

"ለሕመሙ ማስታገሻ ሰጥተውናል። እንዳይሠቃዩ እናደርጋለን ብለዋል።"

"ሸጋ" አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ አልደበቁትም። "ሸጋ። ተባረኪ፣ ልጄ።"

አያ ሞላ ተመልሶ ሲገባ ከፊታችን ላይ አነበበው። "ምነው ነገርሻት?" አለኝ፤ ድምፁ ተሰባበረ።

"ጠየቁኝ፣ አያ።"

"ሞላ፣ አትቆጣት" አሉ እትዬ ባንቺ። "ና ተቀመጥ። ስታስመስል ሰንብተህ ደክሞሃል።" እሱም አልጋው ሥር ተቀምጦ፣ ሲሶ ጸጉሩ የሸበተ ገበሬ፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሳቸው ጭንቅላቱን ይደባብሱት ነበር። በዚያው ዕለት አምባ ጊዮርጊስ፣ ተወልደው ባደጉበት ቤት መሰንበት እንደሚፈልጉ ነገሩን።

መኪና ተከራይተን ወሰድናቸው። ዳገቱን ጨርሰን ሜዳው ሲገለጥ ሾፌሩን አቁምልኝ አሉት። አያ ሞላና እኔ ደግፈን አውርደን የገብስ ማሳ ዳር ጋቢ አንጥፈን አስቀመጥናቸው። ገብሱ ገና እሸት ነው፤ ንፋሱ ሲመጣ ይተኛል፣ ሲሄድ ይነሳል። እትዬ ባንቺ ትኩር ብለው አዩት።

"ያን ቀን ከመንገርሽ በፊት በሩን አይተሽ ነበር" አሉኝ ድንገት።

"ፈርቼ ነበር፣ እትዬ።"

"አውቃለሁ። እኔም ስፈራ ነው የኖርኩት።" ወደ እኔ ዞሩ። "ልጅ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ እውነቱን ከመናገሬ በፊት መሸሽ ያምረኛል። እለምደዋለሁ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልለመድኩትም። አንቺም አትለምጂው ይሆናል። ቢሆንም ንገሪያቸው።"

"እሺ፣ እትዬ።"

ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። አያ ሞላ ኩታውን አውልቆ ሁለታችንንም አለበሰን። ሾፌሩም አላጣደፈንም። እሳቸው ራሳቸው "በሉ እንሂድ" እስኪሉ ድረስ እዚያው ተቀመጥን።